የጠበበ አፈሙዝ፣ የከበደ ፍሬ፦ በአሜሪካ የዱር ተርኪ አደን የጠመንጃና የቾክ ምርጫ እንዴት ተለወጠ

በዩናይትድ ስቴትስ የዱር ተርኪ አደን ውስጥ የጠመንጃ ምርጫ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአንድ እምነት ሲመራ ኖሯል፤ እርሱም አፈሙዙ የሰፋ፣ ቀለሁ የረዘመ፣ በአንድ ተኩስ የሚተፋው እርሳስ የበዛ ጠመንጃ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል የሚል ነው። ይህ እምነት ባለፉት ጥቂት ዓመታት፣ በተለይም ከ2018 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ወዲህ፣ ከሥሩ ተናግቷል፤ ቀድሞ ለልጆች መለማመጃና ለትንንሽ አውሬ እንጂ ለትልቅ ወፍ አይበቃም ይባል የነበረው ቀጭን ጠመንጃ ዛሬ ልምድ ባላቸው አዳኞች እጅ ይታያል። ለውጡን ያመጣው የጠመንጃ ሠሪው ጥበብ ሳይሆን በቀለሁ ውስጥ የሚታጨቀው ማዕድን ነው፤ ማዕድኑ ሲለወጥ ደግሞ የአፈሙዙ ስፋት፣ የቾኩ (በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለው መጥበቢያ) ጥበትና የሚተኮስበት ርቀት እርስ በርስ የነበራቸው ግንኙነት አብሮ ተለውጧል። ከዚህ ለውጥ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ጠመንጃው ማቅለሉና ተኩሱን አስተማማኝ ማድረጉ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች ጥቅሙን በርቀት ሊመነዝሩት መሞከራቸው ግን አሳሳቢ ነው።

የጉዳዩን ምንነት ለመረዳት ከወፉ መነሳት ያስፈልጋል። ተርኪ፣ በአማርኛ አንዳንድ ጊዜ የቱርክ ዶሮ እየተባለ የሚጠራው፣ ስሙ ወደ ሌላ አገር ቢያመለክትም ትውልዱ ሰሜን አሜሪካ የሆነ ትልቅ ወፍ ሲሆን፣ የዱሩ አውራ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 11 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ደን በመመንጠሩና አደኑ ገደብ የለሽ በመሆኑ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ቁጥሩ ወደ 200,000 ገደማ አሽቆልቁሎ እንደነበር ይገመታል። በ1937 የወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ከጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ማድረጉ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮም በመድፍ የሚወነጨፍ መረብ እየተጠቀሙ የዱሩን ወፍ ይዞ ወደ ጠፋባቸው አካባቢዎች ማዛወር መቻሉ፣ ቁጥሩን ወደ ብዙ ሚሊዮን መልሶታል። ስለዚህ ስለ ተርኪ ጠመንጃና ጥይት የሚደረገው ክርክር ከወፉ ህልውና ተነጥሎ አይታይም፤ አዳኙ የሚገዛው እያንዳንዱ ቀለህ ለወፉ መመለስ የተከፈለ ድርሻ አለው።

የጸደይ ወራት አደን በአብዛኛው በአውራዎቹ ላይ ብቻ የተወሰነ ነው። አዳኙ ወፉን እየተከተለ አያሳድድም፤ ከቅጠሉና ከቅርፊቱ ጋር የሚመሳሰል ልብስ ለብሶ፣ ጀርባውን ለዛፍ ሰጥቶ ይቀመጥና የሴቷን ድምፅ አስመስሎ ይጣራል፤ አውራውም ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ ክንፉን መሬት ለመሬት እየጎተተ ይመጣል። የሚተኮሰው ቆሞ ባለ ወፍ ላይ ሲሆን፣ የሚነጣጠረውም አካሉ ላይ ሳይሆን ራሱና አንገቱ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ደረቱን የሸፈነው ጥቅጥቅ ያለ ላባና ወፍራም ሥጋ የአረር ፍሬዎቹን ጉልበት ስለሚውጠው፣ አካሉን የተመታ ተርኪ ብዙ ጊዜ ሮጦ ወይም በሮ ያመልጥና ማንም በማያገኘው ጥሻ ውስጥ ይሞታል። አንጎልና የአንገት አከርካሪ ግን በጥቂት ፍሬዎች እንኳ ከተመቱ ወፉ በቆመበት ይወድቃል።

እዚህ ላይ ለውጡን ሁሉ የሚያስረዳ አንድ ተቃርኖ አለ። ሾትገን፣ ማለትም ከአንድ ቀለህ ውስጥ ብዙ ጥቃቅን የአረር ፍሬዎችን በአንድ ጊዜ የሚተፋ የአደን ጠመንጃ፣ የተፈጠረው በአየር ላይ የሚበርን ወፍ ፍሬዎቹ በተበተኑበት ሰፊ ክብ ውስጥ ለማስገባት ነው፤ የተርኪ አዳኝ የሚፈልገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ፍሬዎቹ ሳይበተኑ ተጠጋግተው፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው አንገት ላይ እንዲያርፉለት ይሻል። በአዳኞች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መለኪያም ከዚህ የመነጨ ነው፤ በ40 ያርድ፣ ማለትም በ36 ሜትር ተኩል ገደማ፣ 10 ኢንች ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ 100 ፍሬ ያስገባ ጠመንጃ ለሥራው ብቁ ነው ይባላል።

ይህን መለኪያ በእርሳስ ለማሟላት የነበረው መንገድ ብዛት ነበር። የሾትገን አፈሙዝ ስፋት የሚለካው ጌጅ በሚባል አሮጌ ስልት ነው፤ አንድ ፓውንድ እርሳስ በ12 እኩል ድቡልቡል አረሮች ቢከፈል የእያንዳንዱ አረር ስፋት የ12 ጌጅን አፈሙዝ ይሞላል፤ በ20 ቢከፈል ደግሞ የ20 ጌጁን፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር አፈሙዙ ይጠባል። በሚሊ ሜትር ሲገለጽ 10 ጌጅ 19.7፣ 12 ጌጅ 18.5፣ 20 ጌጅ 15.6 ሲሆን፣ ስሙ ከጌጅ ሳይሆን ከኢንች ልኩ የተወሰደው 410 ደግሞ 10.4 ብቻ ነው። እርሳሱን ለማብዛት በመጀመሪያ 10 ጌጁ፣ ቀጥሎም በ1988 ሞስበርግ ከተባለው የጠመንጃ ፋብሪካ 835 ከሚባለው ጠመንጃ ጋር ለገበያ የቀረበው ሦስት ኢንች ተኩል ርዝመት ያለው የ12 ጌጅ ቀለህ የዘመኑ ምርጫዎች ሆኑ።

የብዛት መንገድ ግን ዋጋውን በትከሻ ያስከፍላል። 57 ግራም እርሳስ በሴኮንድ 360 ሜትር ገደማ ፍጥነት ሲወረወር፣ ክብደቱ ከ3 ኪሎ ግራም እምብዛም የማይበልጠው ጠመንጃ በተቃራኒው አቅጣጫ ይራገጣል፤ የርግጫውም ኃይል ለአጋዘን አደን ከሚያገለግል የተለመደ ጠመንጃ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ይህን ርግጫ የቀመሰ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ቃታውን ሊስብ ሲል ሳያውቀው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ይሰበስባል፣ አፈሙዙን ዝቅ ያደርጋል። በወረቀት ላይ ጠንካራ የሚመስለው ጠመንጃ በጫካ ውስጥ የሚስተውና የሚያቆስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህ ጉድለት በማስታወቂያዎች ላይ የሚገባውን ቦታ አግኝቶ አያውቅም።

የለውጡ ምንጭ ተንግስተን የሚባለው ማዕድን ነው። በመጀመሪያ ጥይታቸውን በእጃቸው የሚያዘጋጁ ጥቂት አዳኞች የሞከሩት፣ ከዚያም በ2018 ፌዴራል የተባለው ትልቁ የጥይት አምራች በፋብሪካ አዘጋጅቶ ያቀረበው፣ ተንግስተን ሱፐር ሾት ወይም በምሕጻረ ቃል ቲኤስኤስ የሚባለው ፍሬ፣ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 18 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ እርሳስ 11 ግራም ገደማ ሲሆን ብረት 8 ግራም እንኳ አይሞላም። ክብደቱ የሚያስገኘውን ጥቅም ለመረዳት የአንድ ፍሬ ሥጋንና አጥንትን የመብሳት አቅም በምን እንደሚወሰን ማየት ይገባል። ፍጥነታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ድቡልቡል ፍሬዎች የመብሳት አቅማቸው የሚለየው ከፊት ለፊት ስፋታቸው አንጻር ስንት ክብደት እንደተሸከሙ ነው፤ ይህም የማዕድኑ እፍግታ በፍሬው ስፋት ተባዝቶ ይገኛል። በ5 ቁጥር የሚታወቀው የእርሳስ ፍሬ 3.05 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በ11 ሲባዛ 34 ገደማ ይሆናል። 9 ቁጥሩ የተንግስተን ፍሬ ስፋቱ 2.03 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በ18 ሲባዛ ከ36 በላይ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ በእርሳስ ቢሠራ ለድንቢጥ እንጂ ለተርኪ የማይታሰበው ደቃቅ ፍሬ፣ በተንግስተን ሲሠራ ከትልቁ የእርሳስ ፍሬ ባላነሰ ኃይል ይበሳል።

ፍሬው ሲደቅ ቁጥሩ ይበዛል፤ የጠመንጃ ምርጫን የገለበጠውም ይህ ነው። ሦስት ኢንች ርዝመት ያለው የ12 ጌጅ ቀለህ 50 ግራም ገደማ ባለ 5 ቁጥር እርሳስ ሲጎርስ ወደ 300 የሚጠጉ ፍሬዎችን ይይዛል። እኩል ርዝመት ያለው የ410 ቀለህ ደግሞ 23 ግራም 9 ቁጥር ተንግስተን ጎርሶ 290 ገደማ ፍሬዎችን ይይዛል። ከጠመንጃዎች ሁሉ ቀጭኑ፣ ትናንት የተርኪ ጠመንጃ መለኪያ ከነበረው ጋር በፍሬ ብዛት ተስተካከለ፣ በፍሬው የመብሳት አቅምም ጥቂት በለጠው ማለት ነው፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሚወረውረው ክብደት ከግማሽ ያነሰ በመሆኑ ርግጫው አንድ የ12 ዓመት ልጅ ያለ ፍርሃት የሚችለው ነው። 20 ጌጁ 42 ግራም ተንግስተን ሲጎርስ ከ500 በላይ ፍሬዎችን ስለሚይዝ፣ የአሮጌው 12 ጌጅ እርሳስ ተወዳዳሪ መሆኑ ቀርቶ ቀዳሚው ሆኗል።

ተንግስተን እርሳስን የበለጠበት ሁለተኛው ምክንያት ጥንካሬው ነው። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ባሩዱ ሲነድ ከታች ያሉት ፍሬዎች ከላይ ባሉት ክብደት ተጨፍልቀው ቅርጻቸውን ያጣሉ፤ ድቡልቡልነቱን ያጣ ፍሬ ደግሞ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ከክቡ ወጥቶ ይባክናል። ፋብሪካዎች እርሳሱን በመዳብ በመለበጥና በፍሬዎቹ መካከል ደቃቅ የፕላስቲክ ዱቄት በመነስነስ ጉዳቱን ቢቀንሱትም ሊያስቀሩት አልቻሉም። ተንግስተን ግን አይጨፈለቅም፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ ድቡልቡል እንደሆነ ኢላማው ላይ ይደርሳል።

ቾክ የሚባለው ነገር አስፈላጊነት የሚገባውም ሆነ ገደቡ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ቾክ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለ መጥበብ ነው፤ ፍሬዎቹ ሊወጡ ሲሉ ጥቂት ስለሚጨምቃቸው ከወጡም በኋላ ተጠጋግተው ይጓዛሉ። ሐሳቡ በ1860ዎቹ በእንግሊዝና በአሜሪካ በተለያዩ ሰዎች ከተሞከረ በኋላ በ1870ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዙ ጠመንጃ ሠሪ ዊልያም ግሪነር አሻሽሎ አስፋፍቶታል። ዛሬ ቾክ በአብዛኛው በጥርስ የሚጠበቅና የሚፈታ አጭር ቱቦ በመሆኑ፣ አንድ ጠመንጃ ለብዙ ዓይነት አደን ይስማማል። ደረጃው የሚነገረው በ40 ያርድ 30 ኢንች ስፋት ባለው ክብ ውስጥ በሚገቡት ፍሬዎች ድርሻ ነው፤ ምንም መጥበብ የሌለው አፈሙዝ 40 በመቶ፣ መካከለኛው ወይም ሞዲፋይድ የሚባለው 60 በመቶ፣ ፉል የሚባለው 70 በመቶ ገደማ ያስገባል። የተርኪ ቾክ ከፉልም የጠበበ ነው፤ ፉል የ12 ጌጅን አፈሙዝ በ0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያጠብ፣ የተርኪው ብዙ ጊዜ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ያጠብበዋል።

በገበያው ላይ እነዚህ ቱቦዎች የሚታወቁት በመውጫቸው ስፋት ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቾኩ የተሻለ የሚመስላቸው ገዢዎች ብዙ ናቸው። ይህ በሁለት ምክንያት ስህተት ነው። አንደኛ፣ የቱቦው መውጫ ስፋት ትርጉም የሚኖረው ከራሱ ከአፈሙዙ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው 835 ለምሳሌ በስሙ 12 ጌጅ ሆኖ ሳለ የውስጥ ስፋቱ ከ10 ጌጅ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ለሌላ 12 ጌጅ መጠነኛ የሆነ ቾክ ለእርሱ እጅግ የጠበበ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ጥበት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ራሱን ያፈርሳል፤ ለስላሳው እርሳስ በጠባቡ ጉሮሮ ውስጥ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ይጨፈለቅና የፍሬዎቹ ርጭት መሃሉ የሳሳ ወይም ወደ አንድ ጎን ያደላ ይሆናል። ተንግስተን የማይጨፈለቅ በመሆኑ ከመጀመሪያውም ያን ያህል መታገዝ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ለእርሳስ ተብሎ የተሠራው እጅግ ጠባብ ቾክ ለአዲሱ ፍሬ ብዙ ጊዜ ትርፍ ነው። ከዚህም በላይ ተንግስተን ከጠመንጃው ብረት የጠነከረ በመሆኑ አፈሙዙን ከመቧጠጥ የሚያድነው ፍሬዎቹን የሚያቅፈው ወፍራም የፕላስቲክ ኩባያ ብቻ ነው፤ ቾኩም ለዚህ ጥይት እንደሚፈቀድ በሠሪው የተገለጸ መሆን ይኖርበታል። ቀጭን ግድግዳ ላላቸው አሮጌ ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎች ይህ ጥይት አይመከርም።

የጥበት ጉዳይ ሌላም ገጽታ አለው፤ ከአዲሱ ጥይት ጋር ሲደመር ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ40 ያርድ ያማረ ርጭት የሚሰጥ ጠመንጃ በ15 ያርድ ፍሬዎቹን ከሰው መዳፍ እምብዛም በማይበልጥ ክብ ውስጥ ያጭቃቸዋል፤ በዚህ ርቀት መሣሪያው በተግባር ባለ አንድ አረር ጠመንጃ ሆኗል ማለት ይቻላል። ተርኪ ደግሞ ሲራመድ ራሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሰብቅ ወፍ ነው፤ በደንብ የተጣራ አዳኝ ወፉን ከ20 ያርድ ባነሰ ርቀት ላይ ማግኘቱም የተለመደ ነው። በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ባለችው አንዲት እንክብል ብቻ የሚያነጣጥር ሰው ጉንጩን ከሰደፉ ላይ ትንሽ ቀና ካደረገ ተኩሱ ከወፉ ራስ በላይ ያልፋል። ቀይ ነጥብ የሚያሳየው አነስተኛ የመስታወት ማነጣጠሪያ በተርኪ ጠመንጃዎች ላይ መስፋፋቱ ከፋሽን የመጣ ሊመስል ቢችልም፣ በእርግጥ ግን የጥበቱ ቀጥተኛ ውጤት ነው፤ ርጭቱ ሲጠብ ማነጣጠሩ የግድ መርቀቅ አለበት።

ለዚህም ነው ምርጫው በካታሎግ ሳይሆን በወረቀት ላይ መጠናቀቅ ያለበት። ሰፊ ወረቀት ተሰቅሎ፣ ለአደኑ የተመረጠው ጥይት በተመረጠው ቾክ በ40 ያርድ ይተኮሳል፤ ፍሬዎቹ በብዛት የሰፈሩበት መሃል ተለይቶ 10 ኢንች ክብ ይሠመርበትና ይቆጠራል፤ ከዚያም ያ መሃል ከተነጣጠረበት ነጥብ ጋር መግጠሙ ይታያል፤ ርጭታቸው ያማረ ሆኖ ሳለ ከተነጣጠረበት 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን የሚተኩሱ ጠመንጃዎች ጥቂት አይደሉምና። ከዚህ በኋላ ያው ሙከራ በ20 ያርድ ይደገማል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ሁለተኛውን ሙከራ ነው፤ ተመዝኖ ቢታይ ግን ከመጀመሪያው የበለጠ የሚያስተምረው እርሱ ነው፤ በ20 ያርድ ቢያንስ የሳሕን ያህል ስፋት የማይሰጥ ቾክ በአንድ ደረጃ መላላት አለበት፤ በ40 ያርድ የሚታጡት ጥቂት ፍሬዎች ከ500 ፍሬ ውስጥ የሚጎዱ አይደሉም። ለተንግስተን የሚከፈለው ዋጋ ሙከራውን እንደሚያከብድ እውነት ነው፤ አንዱ ጥይት ብዙ ጊዜ ከ10 ዶላር በላይ ስለሚሸጥ በ5 ተኩስ ብቻ 50 ዶላር ያልቃል። ይሁንና ያልተሞከረ ጠመንጃ ይዞ ጫካ የሚገባ ሰው ሙከራውን በወፉ ላይ ያደርገዋል።

በ60 ያርድም ወፉን ለመጣል የሚያስችል ጉልበት በፍሬው ውስጥ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ጉልበቱ ስላለ ተኩሱ ትክክል ነው አይባልም፤ ርቀቱን በዓይን የመገመት ስህተት፣ በመካከል ያለች አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ፣ የነፋስ ግፊት፣ በርቀቱ መጠን የሚበተነው ርጭት፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው በራስና በአንገት ምትክ ክንፍና ጀርባ የሚመታበትን ዕድል ያሰፉታል። የአደኑም ባሕርይ ይለወጣል፤ ወፉን በድምፅ አታልሎ እስከ 30 ያርድ ማምጣት የዚህ አደን ልብ ሆኖ ሳለ፣ ርቀቱ ሲረዝም ጥሪው ትርፍ ነገር ይሆናል። ይህ ደግሞ የሚሆነው ወፉ በጠናበት ዘመን ሳይሆን በብዙ ክፍለ ግዛቶች፣ በተለይም በደቡብ ምሥራቅ፣ ቁጥሩ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ከነበረበት ዝቅ ባለበት ጊዜ ነው፤ ጆርጂያ በ2022 አንድ አዳኝ በዓመት የሚፈቀድለትን ከሦስት ወደ ሁለት አውራ ዝቅ አድርጋለች። ሁለት ወፍ ብቻ በሚፈቀድበት ቦታ ቆስሎ ያመለጠ ሦስተኛ ወፍ በማንም መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ይቀራል።

የማዕድኑ አቅርቦትም በምርጫው ላይ ጥላውን ያጠላል። ከዓለም ተንግስተን አብዛኛውን የምታመርተው ቻይና በ2025 መጀመሪያ በዚህ ማዕድን የወጪ ንግድ ላይ ቁጥጥር ስለጣለች፣ ዋጋው ይረክሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በሌላ በኩል እርሳስ መርዛማ በመሆኑ ከ1991 ጀምሮ በመላው አገሪቱ ለውኃ ወፎች አደን የተከለከለ ሲሆን፣ ካሊፎርኒያ ከ2019 አጋማሽ ወዲህ ለማንኛውም የዱር እንስሳ አደን ከልክላዋለች፤ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ግን ለተርኪ እስካሁን ይፈቀዳል። ስለዚህ አቅም የሚገድበው አዳኝ 12 ጌጅ ጠመንጃውን፣ በመዳብ የተለበጠ 5 ወይም 6 ቁጥር እርሳስንና ተስማሚ ቾክን ይዞ፣ ተኩሱን በ35 ያርድ ውስጥ ቢወስን አንዳች አይጎድልበትም፤ ሦስት ኢንች ተኩሉን ግን እንዲተወው ይመከራል፤ ያ ቀለህ የተፈጠረበት ችግር በሌላ መንገድ ተፈትቷልና።

አዲስ ለሚገዛ ሰው ከሁሉ የሚሻለው 20 ጌጅ ነው፤ ከ12 ጌጁ ይቀላል፣ ተራራ ለተራራ ሲዞር ትከሻ አይቆርጥም፣ ተንግስተን ቢወደድ ወይም ቢጠፋ ደግሞ በእርሳስም እስከ 30 ያርድ ያገለግላል። 410 በተንግስተን ብቻ የሚኖር ጠመንጃ ስለሆነ ይህ ዕድል የለውም፤ ለልጅና ርግጫ ለማይችል ሰው ግን ወደር አይገኝለትም። ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች በሚኖሩባቸው በቨርጂንያና በሜሪላንድ በየጸደዩ የአውራ ተርኪ አደን ስለሚፈቀድ፣ ወደዚህ አደን የሚገባ ሰው ከጠመንጃው አስቀድሞ የአዳኝ ትምህርቱንና ፈቃዱን ማሟላት፣ የሚፈቀደውን የጌጅና የፍሬ መጠንም በየክፍለ ግዛቱ ደንብ ማየት አለበት።

አንድ ቤት ውስጥ 12ና 20 ጌጅ ጎን ለጎን መቀመጥ ከጀመሩ ወዲህ ትኩረት የሚያሻው ሌላ አደጋም አለ። የ20 ጌጅ ቀለህ በስህተት 12 ጌጅ ውስጥ ከገባ ሾልኮ ይገባና አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቀራል፤ አዳኙ ጠመንጃው ባዶ መስሎት የ12 ጌጁን ጥይት አጉርሶ ከተኮሰ አፈሙዙ በእጁ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ እንዲሆን የተደረገው ለዚህ ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ ጌጆች ጥይት በአንድ ኪስ ውስጥ ፈጽሞ አይቀላቀልም።